ከፊትም ከኋላም እኩል

ሻርጃ፣ ሰኔ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ አብዱልጀባር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ የጌጃ ሰፈሩን የባሌስትራ ቤትዎንም ሥራ አያሳጣው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ብረት በባዶ እጅ አይነካም።

ለእናቴ ለነፊሳ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ደብዳቤውን እንደ ወትሮው ሲያነቡላት የመኪናውን ነገር ቢዘሉት ይሻላል፣ ይሰለቻታል።

ጉዳዬ የሙስጠፋ ፒካፕ ነው። ወንድሜ ባለፈው ሲጽፍልኝ የቡታጅራ መንገድ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀው እንደሆነ፣ በርበሬ ጭኖ ሲመለስ በየድንጋዩ ላይ እየተቀመጠች እንዳስቸገረችው ነግሮኛል። ያቺን መኪና የገዛሁለት እናቴን እያየ በሰላም እንዲሠራባት ነው። ስለዚህ እኛ ጋራዥ ለበረሃ መኪኖች የምንገጥመውን፣ መኪናን ከመሬት ከፍ የሚያደርገውን ማንሻ ሙሉውን ገዝቼ በጀይላን በኩል ልኬያለሁ። ጀይላን የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ያውቁታል፤ ከንግድ ዕቃው ጋር በጅቡቲ ያስገባዋል። ለፊት ሁለት ወፍራም ቶርሽን ባር፣ ለኋላ አዲስ ባሌስትራ፣ አራት ሾክ አብዞርበር አለበት።

አንድ አደራ አለኝ። ፊቷን ከኋላዋ ሦስት ጣት ያህል አብልጠው ያንሱት። ፒካፕ ከፋብሪካ ስትወጣ ቂጧ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ ነው፤ እዚህ ይህን ማንም አይወደውም። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ሲለካ ከፊትም ከኋላም እኩል እንድትሆን ነው የምፈልገው።

ለእርስዎ ምን ልላክልዎ? ሳያፍሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሙስአብ


ጌጃ ሰፈር፣ ሐምሌ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

ወዐለይከ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ከሙቀቱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ፣ የእናትህን ዱዓ ይስማላት። እኛ ደህና ነን። የደከመው ጉልበቴ ነው፤ ምላሴ እንደምታውቀው ነው።

ዕቃው ደርሶኛል። በመዶሻ ነካ ነካ አድርጌ ድምፁን ሰማሁት፣ ጥሩ ብረት ነው። ስለ ልኩ የጻፍከውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሳቅሁ። ፋብሪካው ቂጧን ከፍ ያደረገው ዓይን ስለሌለው መሰለህ? ፒካፕ የተሠራችው ለጭነት ነው። ባዶዋን እኩል ከቆመች አሥር ኩንታል ሲያርፍባት ኋላዋ ይቀመጣል፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ያያል። ያኔ የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ አይዝም፣ መሪው ይቀላል፤ በተለይ ጭቃ ላይ አይታዘዝም። እናንተ በረሃ ለበረሃ ስትነዱ ምን ትጭናላችሁ? ውሃና ጓደኛ ነው የምትጭኑት።

አሠራሬን ታውቃለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባሌስትራ ስመታ ባዶ መኪና ለክቼ አላውቅም። ባለቤቱን የዘወትር ጭነትህን ያህል አሸዋ ጫንባት፣ አንተም መሪው ላይ ተቀመጥ እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው በውሃ ልክ የማየው። ግቢዬ ውስጥ የተከመረውን የአሸዋ ጆንያ አይቶ የሚስቅ ደንበኛ አለ። ይሳቅ፣ ስቆ በሰላም ይገባል።

ለሙስጠፋም እንደዚሁ ሠራሁለት። ፊቷን አንስቻለሁ። ኋላዋ ላይ ግን አንተ በላክኸው ባሌስትራ ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት የራሴን ጨመርኩበት። ባዶዋን አራት ጣት ወደ ፊት ታጎነብሳለች፣ ስትጫን እኩል ትሆናለች። ሁለቴ ቡታጅራ ደርሶባት ተመልሷል፣ ድንጋይ አልነካትም። አመስግንልኝ ብሎሃል።

ደብዳቤህን ለእናትህ ሳነብላት የመኪናውን ዘለልኩት። ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችና «ይህን የሚያህል ጽፎ ይህችን ብቻ ነው ያለው? እንዲህ እየቀነስክ ነው እንግዲህ የምታነብልኝ» አለችኝ። ፊደል ባትቆጥርም እሷን ማታለል አይቻልም።

ካልከው አይቀር የቅርብ ማያ መነጽር ላክልኝ። ሌላ አልፈልግም።

አጎትህ አብዱልጀባር


ሻርጃ፣ መስከረም 5 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤተሰብዎ ላይ ይሁን። እንኳን አዲሱን ዓመት በጤና አሳየዎት። መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ካልተስማማዎት ይጻፉልኝና ሌላ እልካለሁ።

በእርስዎ ላይ አወቅሁ ባይነት እንዳይመስልብኝ እንጂ ኋላዋ ላይ የጨመሩት ብረት አላስደሰተኝም። የዕቃው ልክ ተጠንቶ የተሠራ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ አርባ የሚሆኑ ፒካፖች በእጄ አስተካክያለሁ፣ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ተመልሶ የመጣብኝ የለም። ዘመኑ የሚሠራበት እንዲህ ነው አጎቴ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ፓኪስታኖች ስለ እርስዎ ስመካባቸው ሰልችቷቸው «እስቲ የአጎትህን ሥራ በፎቶ አሳየን» ብለውኛል። ከጎን በኩል፣ ግድግዳ ተጠግታ፣ እኩል ቆማ አስነስተው ይላኩልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። የላክሁት ሁሉ እዚያ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህችን አንዲት ነገር እንደፈለግኋት ሆና ባያት ደስ ይለኛል።

ይህን ለእናቴ ያንብቡላት። ፎቶ እንደጠየቅሁ ትወቅልኝ።

ልጅዎ ሙስአብ


ጌጃ ሰፈር፣ ሐሙስ ኅዳር 10 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

ሰላምና ጤና ከአላህ ይስጥህ። መነጽሩ ልክ ሆኖኛል፤ ሳላውቀው የኖርኩትን የእጄን ቆሻሻ ሁሉ አሳየኝ።

ፎቶው ይኸው። ልደታ ካለው ፎቶ ቤት ሰው አምጥተን ዛሬ ጠዋት አስነሳናት፣ ከሰዓት አጥቦ ሰጠን። አጠገቧ የቆመው ወንድምህ ነው። ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ያስቀየረችው እናትህ ናት።

መኪናዋ እንዳልከው ከፊትም ከኋላም እኩል ናት። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላልና ከእንግዲህ በዚህ ነገር አልከራከርህም። ነገ ጠዋት የሚበር ሰው ስላገኘሁ አሳጠርኩት።

አጎትህ አብዱልጀባር


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ እጅዎን ይባርከው። ፎቶውን ሳይ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ በምን ቃል ልንገርዎት። በሜትር ለካሁት፣ ፀጉር ታህል አልተዛነፈችም። ዕቃ መደርደሪያችን ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ፓኪስታኖቹም አፋቸውን ይዘዋል። ሙስጠፋ ደግሞ እንዴት ወፍሯል። እኔ ስሄድ ያ ሸሚዝ እሱን የመሰለ ሁለት ሰው ይይዝ ነበር።

ምነው ዝም አለ ግን? በወር አንዴ ሳይጽፍልኝ አይቀርም ነበር። ወደ ጎረቤታችሁ ሱቅ ሁለት ጊዜ ደውዬ ልጅዎ ሙፊዳ ቀረበችልኝ። ሁለቱንም ጊዜ «የለም» ብላ ስልኩን ቶሎ ዘጋችው። እናቴንስ ለምን አታቀርብልኝም? በእኔ ተቀይሞ ከሆነ ይንገሩኝ። ለዒድ ሱሪና ጃኬት ገዝቼለታለሁ፣ መንገደኛ እየፈለግሁ ነው።

ልጅዎ ሙስአብ


ጌጃ ሰፈር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

የረመዳን በረከት ይድረስህ። አላህ ያጽናህ።

የጠየቅኸኝን አይቻለሁ። መልሱ ይደርስሃል። እናትህ አለች፣ ትሰግዳለች፣ ስምህን ትጠራለች።

የሀገራችን ልጅ አብዱልወሃብ አሁንም ካንተ ቅርብ ነው የሚኖረው? የድሮ ስልኩ ይሠራል? ለእሱ የምልከው ጉዳይ አለኝ። ጾምህን ብቻህን አትፍታ፣ ከሀገር ልጆች ጋር ሁን። ዕቃ እንዳትልክ፣ ለማንም ምንም አትላክ።

አጎትህ አብዱልጀባር


ሻርጃ፣ ጥር 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አብዱልጀባር፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አብዱልወሃብ ከዒድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ከፈጅር ሶላት መልስ ስምንት ሰው አስከትሎ መጣ። በሩን ስከፍት ሁሉም ቆመው ነበር። መርዶ መሆኑን አፉን ሳይከፍት አወቅሁ፤ የእናቴ መስሎኝ ነበር። የሙስጠፋን ስም ሲጠራ ተሳስተሃል አልኩት።

ዒዴ እንዳይበላሽ ብላችሁ እንደጠበቃችሁ ነገሩኝ። ወጋችን መሆኑን አውቃለሁ፣ አልወቅሳችሁም። ግን ሁለት ወር ሙሉ እኔ ለሞተ ሰው ጃኬት ስመርጥ ነበር። ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ ተቀየመኝ ወይ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ይህ ከልቤ አልወጣ አለኝ።

መኪና ነው ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። እንዴት እንደሆነ እርስዎ ይጻፉልኝ። እባክዎ ሳይዘሉ ይጻፉልኝ።

ሙስአብ


ጌጃ ሰፈር፣ የካቲት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

አላህ ሶብሩን ይስጥህ። ለሙስጠፋም ቀብሩን ያስፋለት።

ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን ነው። ያለወቅቱ ዝናብ ጥሎ ነበር። አሥራ ሁለት ኩንታል በርበሬ ጭኖ ከቡታጅራ ሲመለስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አዋሽ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት መታጠፊያውን ስቶ ገደል ገባ። ከኋላው ይመጣ የነበረ ሾፌር ነው ያወጣው። አልተሰቃየም ብሎኛል፣ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ ግን አምኜዋለሁ። እሁድ ኮልፌ ቀበርነው። ያጠብኩት እኔ ነኝ።

መንገዱ ነው። ጭቃ ነበር። የአላህ ውሳኔ ነው። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

እናትህ ምግብ ጀምራለች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ቤቷ ባዶ ስለሆነባት ሙፊዳ እሷ ጋ ታድራለች። አንተ ሥራህን ያዝ።

አጎትህ አብዱልጀባር


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አብዱልጀባር፣

አሰላሙ ዐለይኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ እኔ ያስተካከልኩለትን ፒካፕ ሲሚንቶ ጭኖባት መጣ። «መሪው እምቢ እያለኝ ነው» አለ። ጭነቷን ሳላወርድ ይዣት ወጣሁ። አጥበው የለቀቁት እርጥብ አስፋልት ላይ መሪውን አዞርኩ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ሜዳ ስለነበር ምንም አልሆንኩም። ወርጄ ከጎን ሳያት ኋላዋ ተቀምጦ አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው። እርስዎ ሐምሌ ላይ የጻፉልኝ ቃል በቃል ነው አጎቴ።

እርስዎ በትክክል ሠርተውት ነበር። በእኔ ንዝነዛ አፈረሱት። ወንድሜን የገደለው መንገድ አይደለም፣ የእኔ ልክ ነው። አርባ መኪና ሠርቻለሁ ብዬ ተኮፈስኩብዎ፤ አንዳቸውም ሲጫኑ ቆሜ አይቼ አላውቅም።

ፎቶውን ከመደርደሪያው አንስቼዋለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ለእናቴ ሳልናገር መኖር አልችልም። ለረጅም ጊዜ አሰብኩበትና ወስኛለሁ፣ ልጅሽን የገደለው እኩል ካልሆነች ብሎ ያስቸገረው እኔ ነኝ ብዬ እጽፍላታለሁ። ትርገመኝም ትማረኝም ከእሷ ልስማው። ሙፊዳ ነች የምታነብላት፣ እርስዎ እንዳይዘሉባት። ከዚያ በፊት ግን የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

ሙስአብ


ጌጃ ሰፈር፣ ግንቦት 1 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

ለእናትህ እንዳትጽፍ። ከሰላምታው ይህን አስቀድሜያለሁና ይቅር በለኝ።

ልነግርህ ያላሰብኩትን እነግርሃለሁ። ፎቶ የጠየቅኸን ጊዜ እኔ እምቢ ብዬ ነበር። ብረቱን አላወልቅም፣ ፎቶው ከተፈለገ አሸዋውን ጭነን እናስነሳት፣ ያኔ እኩል ትሆናለች፣ ጆንያው ከጎን አይታይም አልኩ። ሙስጠፋም ተስማማ። እናትህ ግን ምሳዬን ይዛ መጥታ ተቀምጣ ትሰማን ነበር። «ለልጄ በአሸዋ የተሸነገለ ፎቶ አልክለትም» አለች። «እሱ እዚያ እየተጠበሰ እውነተኛ ገንዘቡን ሲልክልን እኛ የምንልክለት ውሸት ነው? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነው የለመነን። አንድ ቀን ነው ወንድሜ፣ አውልቅና ይነሳ፣ ቅዳሜ ትመልሰዋለህ» አለችኝ። እህቴን መከራከር አልቻልኩም። አንተንም ማሳፈር ከበደኝ። ሐሙስ በማለዳ በየጎኑ የጨመርኳቸውን አራቱን ብረቶች አወለቅሁ።

ፎቶው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አልቋል። ቀትር ላይ ልመልሳቸው እችል ነበር። ጉልበቴ አሞኝ ነበርና ለቅዳሜ ተውኩት። ይህ የእኔ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም። ክሪኩ እንኳ ከመኪናዋ ሥር አልወጣም ነበር ሙስአብ። ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ዓርብ ጁምዓ ላይ ሳለሁ የቡታጅራው በርበሬ ነጋዴ ሚደቅሳ ደወለ። ዝናብ መጥቷል፣ የተሰጣው በርበሬ ሊበሰብስብኝ ነው፣ ድረስልኝ አለ። ሙስጠፋ ወደ እኔ መጥቶ በሩ ዝግ ሆነበት። እናትህ ጋ ሄዶ «አጎቴ የለም፣ ብረቱ አልተመለሰም፣ ልጠብቀው ወይስ ልሂድ?» ብሎ ጠየቃት። «የሰው ንብረት ከሚበላሽ ሂድ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። ስንቁን ጠቅልላ ሰጠችው። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ በቀብሩ ማግስት።

እንግዲህ አስበው። ልጅሽን የገደለው ልኩ ነው ብለህ ስትጽፍላት ለማን ነው የምትነግረው? አንተ ጥፋቱን ወደ ራስህ የወሰድክ ይመስልሃል። እሷ የምትሰማው ሌላ ነው። አውልቅ ያለችው እሷ ናት፣ ሂድ ያለችውም እሷ ናት።

በየቀኑ ምሳዬን ይዛ ትመጣለች። ስበላ ታየኝና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፣ «በዚያ ብረት ነው ወይ?» ትለኛለች። «አይደለም፣ ጭቃው ነው» እላታለሁ። ሳህኑን ታነሳለች። ነገም ትጠይቀኛለች። አታምነኝም፤ ደብዳቤ እየቀነስኩ ሳነብላት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሳች፣ መቀነቷ ሁለት ዙር ጨምሯል። እየሄደችብኝ ነው።

አንተን ግን ታምንሃለች። እንዲህ ያለውን ሥራ ከአጎቱ የተሻለ ያውቃል ብላ ሙስጠፋ ሳይሞት ጀምሮ ትፎክርብኝ ነበር። ለእኔ የምትልክልኝ ነገር ይህ ነው። ጻፍላት። ሙፊዳ ታንብብላት፣ እኔ እጄን አላስገባም። የምትጽፈው እውነት እንዳልሆነ እናውቃለን፣ አንተም እኔም፤ ተጠያቂነቱ አላህ ዘንድ በእኔ ላይ ይሁን።

አንተ የምትጠይቀውን ሳታውቅ ጠየቅህ፤ እኔ እያወቅሁ አወለቅሁ። አውፍ በለኝ። ካልቻልክ አልፈርድብህም። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ቅደደው።

አጎትህ አብዱልጀባር


ሻርጃ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለነፊሳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ እናቴ። አላህ አንቺን ያቆይልኝ፣ ከጎንሽ ያለውን ባዶ ቦታ በራሕመቱ ይሙላልሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። መዘግየቴ አንድ ነገር ሳላጣራ ልጽፍልሽ ስላልፈለግሁ ነው።

ፎቶው የተነሳ ቀን ከመኪናዋ ኋላ ብረት መውለቁን ሰምቻለሁ። ነገሩ ስላሳሰበኝ የሙስጠፋን የመሰለች ፒካፕ ፈልጌ ያንኑ ዕቃ ገጠምኩባት። ልክ አሥራ ሁለት ኩንታል ጫንኩባት። በመጀመሪያ አጎቴ የጨመሩት ዓይነት ብረት ኖሮባት፣ ከዚያም አውልቄ፣ በጭቃ ላይ ራሴ ነዳኋት። አለቃዬም ነዳት። አንድ ናት እናቴ። ያ ብረት ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም። አጎቴ የጨመሩት እንዲያው ለመተማመኛ ነው እንጂ መኪናዋ አያስፈልጋትም ነበር። ያን ቀን በዚያ ጭቃ ማንም ቢነዳት፣ እንዴትም ሆና ብትሠራ፣ የሚሆነው ያው ነበር።

ይህን የምነግርሽ እንደ ልጅሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ፎቶውም እዚህ አጠገቤ ነው፤ ሸሚዙ ያምርበታል። እውነተኛውን ስለላክሽልኝ አመሰግንሻለሁ።

አጎቴን አውፍ ብያቸዋለሁ በይልኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂያቸው፣ ድሮ በሥራ ነገር ተከራክረን ነው።

ብዪ እናቴ። እባክሽ ብዪ።

ልጅሽ ሙስአብ

ሙፊዳ፣ ስለ መኪናዋ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አንብቢላት።